የአባቴን ጣቶች የምትከፍተው ፑሌ

አባቴ የወደቀው ሱሉልታ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሊቋጥር ጎንበስ እንዳለ ነው። እናቴ ስትደውልልኝ ሰበታ ሥራ ላይ ነበርኩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የማሽኑ ጩኸት አላሰማ ስላለኝ ስልኩን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

«አባትሽ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አፉም አልፈታ አለ» አለችኝ።

«እሺ፣ መጣሁ» አልኩ።

ተመልሼ ገባሁና የጀመርኩትን ብሎን አጥብቄ ጨረስኩ። እጄን ታጠብኩ። ለአለቃዬ ስነግረው ፊቴን አየና ቀለል ያለ ነገር መሰለው፤ «ነገ ትገቢያለሽ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እውነትም በነጋታው ገባሁ።

ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው አሉን። ከሰነበተ በኋላ ከነሽባነቱ ወደ ቤት ይዘነው መጣን። ዘመድ ወዳጅ እየመጣ ጠየቀ። ሁሉም እኔን እያየ ለእናቴ «ጠንካራ ልጅ ሰጥቶሻል» ይላታል። ጥንካሬ አልነበረም። ማልቀስ ሲገባኝ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ የሚመጣ ነገር የለም። ምግብ እበላለሁ፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። የምኖረው ቡራዩ ተከራይቼ ስለሆነ ሁልጊዜ እሑድ ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የእንጦጦን ዳገት ወጥቼ ሱሉልታ እወርዳለሁ። በዚያ ሁሉ መንገድ ምን እንዳየሁ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አስተማሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው በአማርኛ ነው። ከእናቴም ጋር የሚነጋገረው በአማርኛ ነበር፤ እሷ አባቷ ለሥራ ከጎንደር ይዘዋት መጥተው ነው እዚህ ያደገችው። ከወደቀ በኋላ ግን አማርኛው ጠፋበት። ቀስ እያለ ሲመለስ የመጣለት በልጅነቱ የአፉ መፍቻ የነበረው ኦሮምኛ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ያለው ቃል «ቢሻን» ነው። እናቴ ውኃውን አቀበለችውና ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይታ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ቀኝ እጁ ተጨብጦ ቀረ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ባለሙያ «ጣቶቹን በየቀኑ ቀስ እያላችሁ ክፈቱለት፤ ካልተከፈቱ እንደታጠፉ ይደርቃሉ» ብላ ነግራን ነበር። እናቴ የራሷን እጅ ሪህ ይዟት ጣቶቿ አይታዘዟትም። አንዱን ጣት ስትከፍት ሌላው ይዘጋል። ጡጫው እየጠበቀ ሄደ። ጥፍሮቹ መዳፉ ውስጥ ገቡ። መታጠብ ስላልቻለ መሽተት ጀመረ። አንድ እሑድ ስደርስ እናቴ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ እየጠራረገች «ይኼ እጅ ውስጡ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። እኔም ተቀምጬ ልከፍተው ሞከርኩ። ስላልተሰማው አባቴ አልተቆጣም። በመስኮት ጠዋት የሚሮጡትን ሯጮች ያያል። ትንሹን ጣት ብቻ አላቅቄ ተውኩት።

ቡራዩ ውስጥ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስልክ ይጠግናል። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሁለታችን ሮቦት እንሠራለን። ትልቅ ነገር አይደለም። ከተበላሸ ፕሪንተርና ከልጆች መጫወቻ ሞተር እያወጣን መሬት ላይ በተሰመረ ጥቁር መስመር የምትሄድ መኪና፣ እቃ የምታነሳ ትንሽ ክንድ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ነው። አባቴ ከታመመ ወዲህ ሄጄ አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ በበሩ ሳልፍ አየኝና ጠራኝ።

«አንቺ፣ ምነው ጠፋሽ? ሰው እንዲህ ይጠፋል?»

የሆነውን ነገርኩት። ስለ ጡጫውም ነገርኩት። እጁ ላይ የነበረውን ስልክ አስቀመጠ። «አይዞሽ» ወይም «እግዚአብሔር ይማረው» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«በሞተር ብንስበውስ?» አለ።

እኔም «እንሞክር» አልኩ። ተስፋ አድርጌ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ክንዱ ሥር ከታሰረች ቀላል ጣውላ ላይ ሞተሩ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ጣት ከለስላሳ ቆዳ የተሰፋ ቀለበት ይደረጋል። ከቀለበቶቹ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር በእጁ ጀርባ በኩል መጥቶ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ሞተሩ ሲዞር ክሩን ይጠመጥማል፤ ጣቶቹ ይከፈታሉ። ማብሪያውን በሌላው በኩል ሲጫኑት ሞተሩ ወደኋላ ይዞራል፣ ክሩ ይላላል፤ ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ። ክሩ የሚጠመጠምባት፣ ዙሪያዋን የተቦረቦረች ትንሽ መንኮራኩር ፑሌ ትባላለች። ከአሮጌ ቴፕ የወጣች ቆንጆ የፕላስቲክ ፑሌ ነበረችን። ሞተሩም ውስጡ ጥርሳም ማርሽ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ጥሩ ሞተር ነበር። ያስቸገረን ሁለቱን ማጋባት ነው። የሞተሩ ዘንግ የክብሪት እንጨት ያህል ቀጭን ነው፤ የፑሌዋ ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ። ስትገባበት ዘንጉ ልክ ትልቅ ኮፍያ ያደረገ ሕፃን ይመስላል።

መጀመሪያ ወረቀት ጠቀለልንበት። ትንሽ እንደዞረ ተፈጭቶ ወጣ። ቀጥሎ ሱፐር ግሉ አደረግንበት። ሙጫው በዘንጉ ወርዶ ጥርሶቹ ውስጥ ገባና ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። ሌላ ሞተር ፈለግን። ፕላስተር ስንጠቀልልበት ያዘ፤ ነገር ግን ዘንጉ በቀዳዳዋ መሐል ስላልዋለ ፑሌዋ እየተወላገደች ዞረች። ስትወላገድ ክሩ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይረግባል።

«ይኼ የሰው ጣት ነው» አለ ጓደኛዬ። «እንዲህ እየነጠቀ ሊስበው አይችልም።»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካለ ቀለሙ ካለቀ ስኪሪብቶ ውስጥ ቀጭኗን ቱቦ መዘዘ። ጫፏን በምላጭ ቆርጦ ዘንጉ ላይ ገፋት። ጥብቅ ብላ ገባች። ፑሌዋን በላይዋ ሲጫናት እሷም ጥብቅ አለች። ሞተሩን አስነሳነው። ፑሌዋ ዞረች፤ ምንም አትወላገድም፤ የቆመች ነው የምትመስለው። ጓደኛዬ እያጨበጨበ ወደኔ ዞረ። እኔ ሞተሩን እያየሁ ነበር።

ውኃ የሞላ ጠርሙስ ክሩ ላይ ስንሰቅል ግን ዘንጉ ብቻውን ዞረ። ፑሌዋ ተንሸራታ ቆመች።

«ደካማ ናት» አልኩት።

ሰበታ፣ ከፋብሪካችን ፊት ለፊት ብረት እየቆረጠ ቅርጽ የሚያወጣ ቶርኖ ቤት አለ። ቶርነሪው በዘንጉ ልክ የተበሳች የአሉሚኒየም ፑሌ አወጣልኝ፤ በጎኗ ጭንቅላት የሌላት ትንሽ ብሎን የምትገባበት ቀዳዳ ሠራላት። ብሎኗ ጠብቃ ዘንጉን ትይዘዋለች። ክብ ዘንግ ላይ ብሎን ስለሚንሸራተት፣ የምታርፍበት ቦታ እንድታገኝ ዘንጉን በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ የሞተሩን አፍ በፕላስተር ሸፈንኩ፤ ብናኝ ከገባ ውስጡ ያለው ማግኔት ይዞ ያስቀረዋል። ከዚያ በቀጭን ሞረድ ቀስ እያልኩ ሞረድኩት። ወደፊት ብቻ እገፋለሁ፣ አነሳለሁ፣ እንደገና እገፋለሁ። ብረቱ እየሳሳ ነጭ ጠፍጣፋ ገጽ ወጣለት። በእነዚያ ወራት አእምሮዬ ከአንድ ነገር ጋር የቆየው ያኔ ብቻ ይመስለኛል። ደስታ አልነበረም። ዝም ያለ ነገር ነበር።

ብሎኗን አጠበቅኩ። ጠርሙሱን ያለ ምንም ችግር አነሳችው። አባቴ እጅ ላይ ከማድረጌ በፊት በራሴ እጅ ልሞክረው ብዬ ክንዴን ጣውላው ላይ አሰርኩ፣ ቀለበቶቹን አጠለቅኩ፣ እጄን ጨበጥኩ። ጓደኛዬ ሱቁ ደንበኛ ገብቶበት ወጣ ብሏል። በግራ እጄ ማብሪያውን ተጫንኩት።

ጣቶቼ ተከፈቱ። ቀጥ አሉ። እዚያ ላይ መቆም ነበረበት፤ ማብሪያውን መልቀቅ የኔ ፋንታ ነው። አልለቀቅኩም። ሌባ ጣቴ ወደኋላ መታጠፍ ሲጀምር አየሁት። መገጣጠሚያው ነጭ ሆነ። አሁን ያመኛል ብዬ እየጠበቅኩ አየሁት፤ የሌላ ሰው ጣት የማይ ነው የመሰለኝ። ጓደኛዬ መጋረጃውን ገልጦ ገብቶ ጮኸና የባትሪውን ሽቦ በጠሰው።

«ምን ሆነሻል? አይሰማሽም እንዴ?»

«አላወቅኩም» አልኩት።

ክሩን ፈታልኝ። ከጎረቤት ሱቅ በረዶ አምጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ጣቴ ላይ አደረገልኝ። ሁለታችንም ጣውላው ላይ ያለችውን የምታብረቀርቅ ፑሌ እያየን ተቀመጥን። በመጨረሻ፣

«የአባትሽ እጅ ጭራሽ አይሰማውም» አለ። «አመመኝ ብሎ አይጮህልሽም። ይቺ ደግሞ አለቅም ካለች አትለቅም።»

ያኔ ገባኝ። ካቻቪቴ አንስቼ ብሎኗን ፈታሁ። የአሉሚኒየሟን ፑሌ አውጥተን የፕላስቲኳን መለስናት፤ ከነስኪሪብቶ ቱቦዋ። የሚያስፈልገን ጣት አልከፈት ሲል የምትንሸራተት ፑሌ ነበር። የቀረው መጠኑን ማግኘት ነው። ቱቦዋ ስትረዝም ፑሌዋን አጥብቃ ትይዛለች፤ ስታጥር ቶሎ ትለቃለች። ስኪሪብቶ እየፈታን፣ እየቆረጥን፣ ክሩን በእጃችን ይዘን እየጎተትን ያሳለፍነው ቅዳሜ ብዙ ነው። ክሩም ከልኩ አልፎ እንዳይሄድ ማቆሚያ ቋጠሮ አበጀንለት። ጣቴ እስኪድን ድረስ ፋብሪካ ውስጥ መፍቻ የምይዘው በግራዬ ነበር። ሕመሙ የመጣው ጣቴ በተጎዳበት ቀን ማታ ነው፤ ሲመጣ ተገላገልኩ ማለት ይቻላል።

መሣሪያውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዘንድ ወሰድኩት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ራሷ ጣቷን አስገብታ ሞከረችው፤ ጣቷን ሆን ብላ አጠፈችና ፑሌዋ ስትንሸራተት አየች።

«ከዚህ የበለጠ አይፍጠን» አለች። «ሰው ሳያየው እንዳይሠራ። ቆዳው ከቀላ ወዲያው አቁሙ። እጁ ይንቀሳቀሳል ብለሽ ደግሞ ለእናትሽ ቃል እንዳትገቢ።»

«አልገባም» አልኳት።

እሑድ ሱሉልታ ስደርስ ጎረቤታችን አባቴን ሊጠይቁ መጥተው ጎኑ ተቀምጠዋል። ገበሬ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ኦቦ እላቸዋለሁ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ?»

«ፈያ፣ ገለተ ዋቃ» ብለው ፈጣሪን አመሰገኑና የያዝኩትን አዩ። «ይኼ ደግሞ ምንድነው፣ ወጥመድ ነው?»

«እጁን መክፈቻ ነው፣ ኦቦ። ሞተር ነው የሚስበው።»

«እስቲ እንየው» ብለው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

አባቴ ፊት ተንበርክኬ ምን ልሠራ እንደሆነ በኦሮምኛ ነገርኩት። ሰማኝ አልሰማኝ እንጃ። ክንዱን ጣውላው ላይ አሰርኩ። ቀለበቶቹን ጫፍ ጫፉ ላይ ለማጥለቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ ጆሮ አጠገብ እንዳለች ዝንብ እዝዝ አለ። ክሩ ተወጠረ። ፑሌዋ ተንሸራተተች፤ ጣቶቹ አልተነሱም። ለቀቅኩና ጠበቅኩ። እንደገና ተጫንኩ። ትንሹ ጣት ተነሳ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው። እንደዚያ እያልን፣ እየለቀቅንና እየጠበቅን፣ እናቴ አንድ ጊዜ ወጥ አማስላ እስክትመለስ ድረስ እጁ ተከፈተ።

መዳፉ የነጣ፣ የተጨማደደና ርጥብ ነበር። የጥፍሮቹ ቦታ ቀልቶ ጎድጉዷል። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ኦቦ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ተጸይፈው አይመስለኝም።

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጁን አየው። ብዙ አየው።

«ሀርከ ኤኙቲ?» አለ። የማን እጅ ነው ማለቱ ነው።

ከዚያ እናቴ በአማርኛ፣ «የማን ይሆናል? ያንተ ነዋ» አለችው። ወደ ጓዳ ሄደች። ለብ ያለ ውኃ በሳህን፣ ሳሙናና ጥፍር መቁረጫ ይዛ መጣች። መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ማብሪያውን ይዤ እሷ አጠበችው፤ በመዳፉ መስመሮች፣ በጣቶቹ መሐል፣ ጥፍሮቹ የወጉትን ቦታ በጥጥ እየነካካች። ከዚያ ጥፍሮቹን ቆረጠች። ቀስ ብላ በፎጣ አደረቀችው። «አሁን ልቀቂው» አለችኝ። ማብሪያውን በሌላው በኩል ተጫንኩት። ንጹሕ እጁ ቀስ ብሎ ተጨበጠ።

ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር። ኦቦ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ «አሜን፣ አሜን» አልኩ። ምሳ በላን። መሣሪያውን እናቴ እንዴት እንደምትይዘው አሳየኋት፤ ስታጠልቅ፣ ስትለቅ፣ ቆዳው ሲቀላ ስታቆም እያየሁ ደጋግማ እንድትሞክረው አደረግኩ። ታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ ብዬ ተነሳሁ። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ አሁንም ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በየጠዋቱ እጁን ትከፍትለትና ታጥብለት ጀመረች። የስኪሪብቶ ቱቦ ስለሚያልቅ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ትደውልልኝና «ዛሬ ፑሌሽ ሥራ ፈታለች» ትለኛለች። የመንደሩ ተማሪዎች ቀለም ያለቀበትን ስኪሪብቶ ሁሉ እሷ ጋ ያመጣሉ። ጣቶቿ እያስቸገሯትም ቆርጣ መቀየሩን ራሷ ለመደችው፤ እንዲያውም ከኔ ይልቅ ታሳምረዋለች። ባለሙያዋ መገጣጠሚያው እንዳልደረቀ ነገረችን። በራሱ ኃይል ይንቀሳቀሳል አላለችም፤ አልተንቀሳቀሰም።

አባቴ መጀመሪያ ላይ ነገሩን አልወደደውም። ጣውላውን ሲያይ «ዲሲ» ይላታል፤ ተይው ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ያልሰማች መስላ ታስርለታለች። አንድ ጠዋት ልትጀምር ስትል በግራ እጁ ማብሪያውን ከእጇ ወሰደባት። ሊወረውረው ነው ብላ ደነገጠች። እሱ ግን ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ አገላብጦ አየው፤ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። ከፈተ። ዘጋ። እንደገና ከፈተ። ይኼን ስትነግረኝ «ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ እንደ ልጅ ሲጫወት ዋለ፤ ውኃዬ ቀዘቀዘ» እያለች እየሳቀች ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ማብሪያውን ለሌላ ሰው አይሰጥም። በተከተለው እሑድ እኔም እዚያ ነበርኩ። እናቴ እንደ ልማዷ አጠበችው፣ አደረቀችው፤ ፎጣውን አጥፋ ልትነሳ ስትል «ጠብቂ» አለ። በአማርኛ ነው ያለው። ከወደቀ ወዲህ ከአፉ የሰማነው የመጀመሪያ የአማርኛ ቃል ነበር። እናቴ ባለችበት ቀረች። በግራ እጁ እጇን ያዘና በተከፈተው መዳፉ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ማብሪያውን በሌላው በኩል ተጫነው። ክሩ ላላ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ወርደው እጇን ጨበጡት።

እናቴ ወደ ጓዳው አየች።

«በል ልቀቀኝ፤ ወጥ ጥጄያለሁ» አለችው።

አልለቀቃትም። ማብሪያውን ከጭኑ አንስቶ በወዲያኛው ጎኑ፣ እጇ ከማይደርስበት አስቀመጠው። እሷም ልታነሳው አልሞከረችም። ወደኔ ዞር ብላ «ሂጂ እስቲ ወጡን እዪልኝ» አለችኝ።

ጓዳ ገባሁ። ወጡ ሊያርር ደርሶ ነበር። ውኃ ጠብ አድርጌ አማሰልኩት፤ ጨው እንዳነሰው ቀምሼ አወቅኩ። ጨመርኩበትና እነሱን ሳልጠራ እዚያው ምድጃው ጎን ቆሜ ቆየሁ።